ግድግዳ የተሻገረ ናፍጣ

የባሌ ታናሽ ወንድም በደለኝ። የበደለኝ ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ በደብራችን ሰንበቴ ቤት ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ ለማያውቁት ሥራው ይበቃል።

ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ከባሌ ጋር የተከልነው የእህል ወፍጮ አለን። አለን የምለው በልማድ ነው፤ ባሌ ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። ወፍጮ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ሞተሩ ተቀምጧል፤ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ነው፣ ሲሠራ ድምፁ ወንዝ ማዶ ይሰማል። በሁለተኛው ክፍል የወፍጮው ድንጋይና የዱቄቱ መውረጃ አሉ። ሁለቱን ክፍል የሚለየው ባሌ በእጁ የካበው የድንጋይ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ሞተሩ ድንጋዩን የሚያዞርበት ረጅም የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ በዚያ በኩል ያልፋል። ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ወፍጮ አለ፤ እኛ ዘንድ መብራት የሚመጣው ደስ ሲለው ስለሆነ ሰው አሁንም እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ እኔ ይመጣል።

ባሌ በሕይወት ሳለ ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነበር። ከሞተ በኋላ ዋርሳዬ፣ ያው የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ተረከበው። እኔ በዱቄቱ ክፍል ሆኜ እህል እቀበላለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ዱቄት በጆንያ አወርዳለሁ። ወደ ሞተሩ ክፍል ብቅ ካልኩ፣ «እትዬ፣ ነጠላሽን ቺንጋው እንዳይበላው» ይልና ያስወጣኛል። ደግ መስሎኝ ነበር።

ይኸው ዋርሳዬ የሰንበቴያችን ሙሴ ነው። ማኅበሩን የሚመራው፣ ተረኛ የሚጠራው፣ ያጠፋ የሚገሥጸው እሱ ነው። የዚያን እሑድ ተረኛዋ የታች ሰፈር ሴት ነበረች፤ ስንዴዋን እኔ ዘንድ አስፈጭታ ሁለት ትልልቅ ድፎ ይዛ መጣች። ቄሱ ጸለዩ፣ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ታደለ። ሁሉም አንድ ላይ ጎረሰ። ሁሉም አንድ ላይ ማኘኩን አቆመ።

ጸሎት የተደረሰበት ዳቦ አይተፋም፤ ለውሻም አይጣልም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዋጠ። እኔም ዋጥኩ። ናፍጣ ነበር። ጥርጥር የለውም፣ ናፍጣ።

አንድ ሽማግሌ ቀድመው ተናገሩ። «ከዚህ እስከ ደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ጀርባ ስሄድ ሲሸተኝ የኖረውን ዛሬ ጎረስኩት» አሉ።

ሰው ሳቀ። ተረኛዋ ግን አለቀሰች። «ማርያምን! ከወፍጮ ያመጣሁትን ነው ያቦካሁት። እኔ ሌላ ምን አደረግሁ?»

ወፍጮ ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዋርሳዬ ተነሣ። ተቀምጦም መናገር ይችል ነበር።

«እኔ ሞተሩ ጋ ነኝ» አለ። «በእኔና በዱቄቱ መካከል ወንድሜ የካበው ግድግዳ አለ። ናፍጣ ግድግዳ አይሻገርም። ዱቄቱን የሚነካው ደግሞ አንድ እጅ ብቻ ነው።»

የማን እጅ እንደሆነ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። «እሷ ጀሪካን ትይዝና እጇን ሳትታጠብ ዱቄት ትዝቃለች» ብሎ በየቤቱ ያወራው ኋላ ነው የደረሰኝ። የዚያን ቀን የሰማሁት የሽማግሌዎቹን ውሳኔ ነው። ዓርብ ጠዋት ከቄሱ ጋር መጥተው ወፍጮውን ሊያዩ፣ ሽታው ከእጄ ከሆነ ወፍጮውን ዋርሳዬ ሊይዘው። «እሷም ደክሟታል፤ አሁንስ ትረፍ» አለ አንዱ፣ እንደሚያዝንልኝ ሰው።

ማረፍ ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። መሬታችንን የሚያርሰው እሱ ነው። በጎቹ ከእሱ በጎች ጋር ተቀላቅለው የማን እንደሆኑ ከጠፋ ቆይቷል። አንዲት ልጄ ደብረ ብርሃን ባል አግብታ በሁለት ክፍል ቤት ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ወፍጮው ከሄደ እኔ የምሄደው በዚያች ቤት በር አጠገብ ወደሚዘረጋ ፍራሽ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዋርሳዬ ሳይመጣ ቀረ፤ እስከ ዓርብም አልመጣም። እኔ ወፍጮ ቤቱን ከፍቼ ተቀመጥኩና እጄን አሸተትኩ። አንድ ጊዜ አይደለም። እጄን በሳሙና ታጥቤ አሸተትኩ፣ በሎሚ ፈትጌ አሸተትኩ፣ የነጠላዬን ጫፍ አሸተትኩ። አንዴ ይሸተኛል፤ አንዴ አይሸተኝም። ሰው ደጋግሞ ከከሰሰህ የገዛ እጅህን ትጠራጠራለህ። ምናልባት በርሜሉ ሲሞላ ረድቼው ይሆን? ምናልባት የያዝኩትን ረስቼው ይሆን? ዕድሜዬ ረሳሁ ለማለት የሚበቃ ነው፤ እሱም ይህን ያውቃል።

በመጨረሻ እጄን ትቼ ዕቃውን ማሽተት ጀመርኩ። መዝገኛውን አሸተትኩ፤ የለም። ሚዛኑን፣ ጆንያዎቹን፤ የለም። ዱቄቱ ከድንጋዩ ወደ ጆንያ የሚወርድበት እንደ እጅጌ ያለ ረጅም ጨርቅ አለ። እሱ ሸተተኝ። እጄ የሚይዘው የጨርቁን አፍ ነው፣ ከታች። ሽታው ያለው ግን ከላይ ነበር፣ በግድግዳው በኩል ባለው ጎን ብቻ። በርጩማ ላይ ቆሜ ቀዳዳውን አየሁት። በዙሪያው ግድግዳው ላይ እንደ ዝንብ ኩስ የተረጨ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር። የዓመታት ቅባት ይመስለኝ ነበርና አጥቤው አላውቅም።

ናፍጣው ግድግዳውን የሚሻገረው በቺንጋው ላይ ተጭኖ ነው። ሞተሩ ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ ቺንጋው ላይ ይንጠባጠባል፤ ቺንጋው ይዞት ያልፍና እዚህ ይረጨዋል።

ይህን ማወቄ አላሳረፈኝም። ማሰብና ማሳየት ይለያያሉ፤ የቀረኝም አራት ቀን ነበር።

ወደ ሞተሩ ክፍል ገባሁ። ናፍጣው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው በርሜል በቀጭን የመዳብ ቱቦ ይወርድና ከቺንጋው በላይ አልፎ ፊልትሮው ጋ ይደርሳል፤ ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ራስ ይሄዳል። ሁሉም ዱቄትና ቅባት ተጋግሮበት አንድ ቀለም ሆኗል። ባሌ አንድ ጊዜ ያለኝ ትዝ አለኝ። ናፍጣ በወጣበት አይንጠባጠብም፤ ቱቦውን ይዞ ይሄድና ዝቅ ካለው ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ ሰው የሚያጠብቀው ሁልጊዜ ያልላላውን ነው። ምንም ነገር ከማጥበቄ በፊት ሁሉንም ማጠብ ነበረብኝ። ውሃ አፈላሁ፣ በሳሙናና በጨርቅ ከበርሜሉ እስከ ሞተሩ ራስ ቱቦው የሚታሰርበትን እያንዳንዷን ዳዶ አጠብኩ፣ አደረቅኩ። ያን ብቻ ሳደርግ ሰኞ አለቀ።

ማክሰኞ ጠዋት በወንፊት ነጭ የገብስ ዱቄት ቱቦው ላይ ሁሉ ነፋሁበት። የሚያፈስ ካለ ዱቄቱን ያጠቁረዋል ብዬ ነው። የበርሜሉን መክፈቻ ከፈትኩና ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ስለነበር ብረቱ እጅ ያጣብቃል። ጠበቅሁ። ዱቄቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ፀሐይ በር ላይ ደረሰች፤ ነጭ። ሞተሩ ደረቅ ከሆነ፣ እንግዲህ እጄ ነው ማለት ነው።

አጠገቤ ጠላ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ፤ እንደ እኔ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ግን ያልሞተ። መጥታ በር ላይ ቆመች።

«አንቺዬ፣ ሞተሩን ልታቦኪው ነው እንዴ ዱቄት የነሰነስሽበት?»

ነገርኳት።

«እና ተኝቶ ሳለ ነው የምታይው? የተኛች ላም ትታለባለች? አስነሺዋ።»

«ማኖቬላውን ማን ይዘውረው? ዋርሳዬ ያለ ወንድ አይነሣም ይላል።»

«እሱ ሲያስነሳው አይቼዋለሁ እቴ። ግማሹ ጉልበት ነው፣ ግማሹ ጉራ። ጉልበቱን እኛ ለሁለት እናዋጣለን፤ ጉራው ይቅር።»

ማኖቬላ ሞተሩ የሚዘወርበት የታጠፈ ብረት ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ ክንድ ይሰብራል፤ የተሰበረ ክንድ አይቻለሁ። ሞተሩ ራስ ላይ የታመቀውን ትንፋሽ የምታወጣ ትንሽ ዘንግ አለች፤ እሷ ከተነሣች መዘወሩ ይቀላል፤ ፍጥነት ሲይዝ ትለቀቃለች። ባሌ ይህን ሲያደርግ ለዓመታት አይቻለሁ፤ አድርጌው ግን አላውቅም። ሁለታችንም ነጠላችንን አውልቀን ወገባችንን በመቀነት አሰርን። እሷ ዘወረች፣ እኔም አብሬ ዘወርኩ፣ በአንድ እጄ ዘንጓን ያዝኩ። አንደኛው አልሆነም። ሁለተኛውም አልሆነም። በሦስተኛው ዘንጓን ስለቅ ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለና ተነሣ። ጎረቤቴ እልል አለች። እኔ ወደ ቱቦው ዞርኩ።

ለረጅም ጊዜ ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ክፍሉ ሞቀ፣ ብረቱ ሞቀ፣ ቱቦው ይንዘፈዘፍ ጀመር። ቱቦው ከፊልትሮው ጋር የሚጋጠምበት፣ ከቺንጋው በላይ ያለው ዳዶ ሥር፣ ዱቄቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ወጣች። እያየኋት ሰፋች። ጠብታ ሆና ተንጠለጠለችና ቺንጋው ላይ ወደቀች። ቺንጋው ወሰዳት።

ሞተሩን አጠፋሁ፣ መክፈቻውን ዘጋሁ። የባሌን መፍቻ ይዤ ዳዶውን ፈታሁ። ከሥሩ የመዳብ ሮንዴላ መኖር አለበት፤ ማጋጠሚያውን የሚያሽግ ቀለበት ነው። ሮንዴላው ነበር፤ ተበልቶ ጠርዙ ተጎርዷል። በላዩ ላይ ግን ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ ነገር አገኘሁ። ቢጫ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ውስጡ የጥጥ ፈትል አለው። ጎረቤቴ በጥፍሯ ነካችው።

«ይህማ ጧፍ ነው» አለች።

ጧፍ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምናበራው፣ ፈትል በሰም የተነከረ ጧፍ። ሲፈስ ያየ ሰው ፈትሉ ያጠብቀዋል፣ ሰሙ ይደፍነዋል ብሎ ጠምጥሞታል። ጠዋት በብርዱ ሰሙ ድንጋይ ሆኖ ይይዛል። ሞተሩ ሲሞቅ ሰሙ ይላላል፣ ናፍጣውም ያሟሟዋል፤ ማታ ይበርድና እንደገና ይደፈናል። በጠዋት የሚያየው ሰው ዘላለም ደረቅ ነው የሚያገኘው።

እዚያ ክፍል የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሑድ ቆሞ ሲናገር ጧፉ መልቀቁን ያውቅ እንደነበር አላውቅም። ከቺንጋው በላይ ናፍጣ ሲፈስ በዓይኑ እንዳየ ግን አውቃለሁ፤ ያላየውን አይጠመጥምም። ያን አውቆ ነው ናፍጣ ግድግዳ አይሻገርም ያለው።

ጧፉን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ረቡዕ ማጋጠሚያውን አጽድቼ ያንኑ ሮንዴላ መለስኩና አጠበቅኩ። ሞተሩ ሲሞቅ አፈሰሰ። ይበልጥ አጠበቅኩ፤ ይበልጥ አፈሰሰ። ፈራሁ። ያለ ጧፉ ጭራሽ ብሶበት ነበር፤ ዓርብ መጥተው ይህን ቢያዩ፣ ዋርሳዬ «ነካክታ አበላሸችው» ይላል፤ እውነትም ይመስላል።

ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ መሐል ሜዳ ሄድኩ። መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውዬ ሮንዴላውን በጣቱ አገላብጦ አየው።

«ይህ ልክ የለኝም እናቴ። መካኒኩ ራሱ ቢመጣ ይሻላል።»

«መጥቷል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። አልሳቀም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። «እንግዲያው ይህንኑ ፍም ውስጥ ይክተቱትና እስኪቀላ ያግሉት። ከዚያ ውሃ ውስጥ ይጣሉት። ይለሰልሳል፤ ሲያጠብቁት ቦታውን ይይዛል።»

«ብረት ግሎ ውሃ ሲገባ ይጠነክራል እንጂ ይለሰልሳል?» አልኩ። ማረሻ ሲሠራ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

«ማረሻ ብረት ነው። ይህ መዳብ ነው። ባሕሪው የተገላቢጦሽ ነው።»

መንገዱን ሁሉ እያሾፈብኝ እንደሆነ ሳስብ መጣሁ። አንድ ሮንዴላ ነው ያለኝ። ከጠነከረ አለቀልኝ። ከሰል አቀጣጥዬ ከተትኩት፤ ሲቀላ በጉጠት አውጥቼ ውሃ ውስጥ ጣልኩት፤ ጮኸ። በጥርሴ ነከስኩት። ለስልሷል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጎርዱ እስኪጠፋ አሸሁትና ገጠምኩት። ጎረቤቴ መጣች፣ ዘወርን፣ ተነሣ። ዱቄት ነፋሁበትና ዓይኔን ሳልነቅል ቆምኩ። ብረቱ እጅ እስኪያቃጥል ሞቀ። ዱቄቱ ነጭ ነበር። ጎረቤቴ ጠላዋን ልትሸጥ ሄደች፤ እኔ አሁንም እዚያው ቆሜ ነበር። ነጭ። ከዚያ በኋላ ቺንጋውንና ግድግዳውን አጠብኩ፣ ጨርቁን ቀየርኩ፣ ሽታው ከድንጋዩ እንዲወጣ ከራሴ ገብስ ግማሽ ጆንያ ፈጭቼ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት።

ዓርብ ጠዋት ቄሱና ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዋርሳዬ ከፊታቸው ነበር። እኔን ሳያስፈቅድ ሞተሩ ክፍል ገባና ጣቱን ቱቦው ላይ አሻሸ፣ አወጣና አሳያቸው።

«ይኸው፣ ደረቅ ነው። አላልኳችሁም? ሞተሩ እንከን የለውም። የእጅ ነው።»

የጠገንኩት ነገር በእኔው ላይ ምስክር ሊሆን ነው። ደረቅ መሆኑን እኔው ነኝ ያደረቅሁት፤ ማን ያምነኛል? ሽማግሌዎቹ ወደ በሩ መዞር ጀምረው ነበር።

ወረቀቱን አውጥቼ ለቄሱ ሰጠኋቸው። «አባቴ፣ ይህን ያሽትቱልኝ።»

ፈቱት። አሸተቱት፤ ጣታቸው መካከል አሹት። «ጧፍ ነው» አሉ። እንደገና አሸተቱ። «ናፍጣም ነው። ከየት መጣ?»

«ከዚያ ዳዶ ሥር፣ ከቺንጋው በላይ። ማክሰኞ ፈትቼ ያወጣሁት ነው፤ ጎረቤቴ ምስክር ናት። ሲበርድ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቃል። አሁን ጠግኜዋለሁ። ግን ሲበርድ አይታችሁ አትሂዱ። እስኪሞቅ ተቀመጡ።»

«ሞተሩን ማን ሊያስነሳው?» አለ ዋርሳዬ። ጎረቤቴ ግን ቀደም ብላ ማኖቬላውን ይዛ ቆማ ነበር። «ዞር በል ሙሴ፣ እንዳይመታህ» አለችው።

አስነሣን። ተቀመጡ። የቄሱን ስንዴ ነበር የፈጨሁት። ሞተሩ ሲግል ቱቦውን አዩ፣ ዱቄቱ የሚወርድበትን ጨርቅ አዩ። ቄሱ ጾም ስለሆነ አልቀመሱም፤ ከጆንያው እፍኝ ዘግነው አፍንጫቸው ድረስ አቀረቡት፣ ለሽማግሌዎቹም አዞሩት። ሁሉም ናፍጣ እንደሌለው መሰከረ።

አንዱ ሽማግሌ ወደ ዋርሳዬ ዞሩ። «ሞተሩ ጋ ያለው ማነው ብለህ ነበር?»

«ለጊዜው ብዬ ነው» አለ። «ፈትሉ ያጠብቀዋል ብዬ… ናፍጣ እንዳይባክን ነው እንጂ…»

«ጠይቄህ ነው። ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ይቅርታ እንዲጠይቀኝ አዘዙት። ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ነካ፣ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነበር። ቄሱ፣ «ይቅር በይው፤ አብራችሁ ሥሩ» አሉኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፤ እንደሚባለው። ወፍጮው በእጄ እንደሚቆይ ተናግረው ባርከው ሄዱ። በሰንበቴው ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተባለብኝ ሐሰት መሆኑን ግን በሰው ፊት የተናገረልኝ የለም፤ እሱም አልተናገረም።

ሰኞ ሞተሩን ከጎረቤቴ ጋር አስነሣሁ። እሱ ሲመጣ ሥራ እንደሌለው ነገርኩት። ከሰንበቴው ወጥቼ የማዶው ደብር ሰንበቴ ገባሁ። የዋርሳዬ ቤት እህል ሲመጣ እንደማንም ሰው ተራ ይይዛል፤ እፈጫለሁ። ለፋሲካ የበግ ፍርምባ ላከልኝ። መለስኩት።